ልጄን ከዝርዝሬ ላጸዱልኝ ኃላፊ

ለኢሜይል አገልግሎት ድርጅቱ የተመዝጋቢ ማሳደጊያ ክፍል የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቀጥታ ለእርስዎ ብልከው ደግ ነበር፤ ዳሩ ግን ድርጅትዎ በሰጠኝ አድራሻ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌ አሥራ አንድ ጊዜ የተመለሰልኝ «ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ በመሆኑ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ አስፈላጊ ብባል በትዕቢት እንዳልወጠር ሰግቼ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው በገዛ ብሎጌ ላይ መጻፍን መረጥኩ። ድፍረቴን ይቅር ይሉኛል።

ማን እንደሆንኩ ባያስታውሱ አልቀየምም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴም ልብስ ሰፊ ነበር። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ በመካከላቸው የመቁረጫ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተን አንድ ልጅ አሳደግን። ልጁ ያደገው ከዚያ ጠረጴዛ ስር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አባቱ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣለትን ማግኔት በክር አስሮ፣ ከእጃችን የወደቁትን ስፒሎች እየለቀመ በጣሳ ያጠራቅም ነበርና በቤታችን ስሙ ማግኔት ሆነ። አድጎ የአሳንሰር ጠጋኝ ሲሆን፣ ቁመቱም በእኛ ወገን ባልታወቀ ልክ ሲረዝም፣ የሱቅ ሸሚዝ እጅጌ አልደርስ ሲለው፣ እኛ ያው ማግኔት እያልን ቀጠልን።

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ እኔ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብቼ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስመለስ የባለቤቴ የስፌት መኪና ከቦታው የለም። ልጄ፣ እናቴ ባዶውን ወንበር እያየች መልሳ ትታመምብኛለች ብሎ፣ መኪናውን ለአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሰጥቶ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ፣ በቦታው ለእኔ መኝታ ዘርግቶልኛል። እኔም ምስጋናዬን አቀረብኩለት። አንተን አልወለድኩም፣ ከዛሬ በኋላ ይህን በር እንዳታንኳኳ አልኩት። እሱ የመድኃኒቴን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ የትኛው ከምግብ በፊት የትኛው ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ አሳየኝ፣ ሄደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የታዘዘውን የሚፈጽም ልጅ ነውና ይህንንም ፈጸመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሌን ልመልሰው በደወልኩ ጊዜ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኗል፤ መሥሪያ ቤቱም ወደ ሌላ ከተማ መዛወሩን እንጂ ወዴት መዛወሩን አልነገረኝም። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው።

ይህ ሁሉ ከእርስዎ ሥራ ጋር ምን አገናኘው እንደሚሉ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ፣ የእኔን ኢሜይሎች ከሚያነቡት በላይ ጊዜ አልወስድብዎትም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰው አንድ ቁልፍ ስለወደቀበት ብቻ ደህና ካፖርት ይጥላል እያልኩ ስነጫነጭ የሰለቸው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ለጎረቤት ከምትናገሪው ለዓለም ተናገሪው ብሎ ብሎግ ከፈተልኝ። በየሐሙሱ አንድ ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ የተበላ ክርን እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ገበር እንዴት እንደሚቀየር። ጽሑፉን ለተመዘገቡ አንባቢዎች በኢሜይል የሚያደርሰው የእርስዎ ድርጅት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሠላሳ ስምንተኛ ተመዝጋቢ መጣ። ስም አልሞላም። አድራሻው ግን «ማግኔት ከጠረጴዛው ስር» የሚል ሆኖ በስተመጨረሻው ቁጥሮች ተደርድረውበታል። ጎረቤቴ ስሙን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ በእጄ የነበረውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ለምን ወዲያው አልጻፍሽለትም ይሉኝ ይሆናል፤ ጎረቤቴም ይህንኑ ብሎ ጠይቆኛል። ፈራኋ። ለእሱ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ይጠይቃል፣ መልስ የተጠየቀ ሰው ደግሞ እምቢ ሊል ይችላል። የሐሙሱ ጽሑፍ ግን ከማንም ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ ለሁሉም እያስመሰልኩ ለእሱ እጽፍ ጀመር። እጁ ለረዘመ ሰው እጅጌ ስለማስረዘም ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ስጽፍ፣ ሌሎቹ አንባቢዎቼ ይህች ሴትዮ ምን ነካት ሳይሉ አይቀሩም። አምና የግራ ዓይኔን የሞራ ግርዶሽ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክሊኒክ እንደምገፈፍ ጽፌ፣ እስክድን ድረስ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንደማልችል ጨመርኩ። ከቀዶ ጥገናው ወጥቼ የመዝገብ መስኮቷ ጋ ስደርስ፣ ጸሐፊዋ አንድ የካርቶን ሳጥን ሰጠችኝ። በውስጡ ስፖንጅ ላይ የተሰኩ ሃያ አራት መርፌዎች ነበሩ፣ ሁሉም ክር ገብቶባቸው፣ ከጥቁር እስከ ነጭ በየቀለማቸው የተደረደሩ። ያመጣው ረጅም ሰውዬ እንደነበረ፣ ስሙን እንዳልተናገረ፣ ያማታል ወይ ብሎ ብቻ ጠይቆ እንደሄደ ነገረችኝ። ያን ቀን ሐኪሙ ዓይንሽን እንዳታለቅሺበት ብሎኝ ነበር፤ አልታዘዝኩትም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ድርጅትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ብሎጌ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተመዝጋቢ ብቻ ይዞ ሲያዩት አዝነው፣ ሳልጠይቅዎ የሦስት ወር ነፃ የማሳደጊያ ድጋፍ ስለለገሱኝ አመሰግናለሁ። ስልክ የደወለችልኝ አማካሪዎ ድምፅዋ ማር ነው። ሁለት መቶውን ሦስት ሺህ እናደርግልዎታለን እማማ ስትለኝ፣ እኔም ሰው ነኝና ደስ አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ እኔ እንደምሆን በዚያ ሰዓት አላወቅኩም።

፪ኛ. ብሎጌን የከፈተ ሰው ገና አንድ መስመር ሳያነብ ፊቱ ላይ ዘሎ የሚወጣ ሳጥን ስላስገቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሳጥኑን ለመዝጋት «አይ፣ ልብሴ እንደተቀደደ መሄድ እመርጣለሁ» የሚለውን መጫን ግድ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ አንድም ደንበኛ በር ላይ ሰድቤ አላውቅም ነበር።

፫ኛ. ኢሜይል ላስመዘገበ ሁሉ «ስለ ቁልፍ ማንም ያልነገርዎ አሥር ምስጢሮች» የተባለ መጽሐፍ በነፃ በስሜ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ቁልፍ አሥር ምስጢር የለም። አራት ቀዳዳ ነው ያለው፣ እሱም ለሁሉ ይታያል። «ይህን ሳያነቡ ሱሪዎን እንዳይለብሱ» በሚል ርእስ በስሜ የላኩልኝንም ኢሜይል አልረሳሁትም፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጎረቤቴ ባየኝ ቁጥር ሱሪ ለመልበስ ፈቃድ ይጠይቀኛል።

፬ኛ. ቁጥሩ በእርግጥ ጨመረ። በሁለት ወር ሦስት ሺህ ደረሰ። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ማማረር አይገባኝም፣ የሚያነቡ ባይሆኑም ሰዎች ናቸው። በዚህ መሐል አማካሪዎ ደውላ፣ ኢሜይል የማይከፍቱ ተመዝጋቢዎች ዝርዝሩን ያደክሙታል፣ እናጽዳልዎት ወይ አለችኝ። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት አጽዱት አልኩ። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስል ነው። ልጄ ከሚከፍቱት ሁሉ ፊተኛው ለመሆኑ ሃያ አራት መርፌ በእጄ ስለነበረኝ፣ ከማይከፍቱት ጋር ይቆጠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

፭ኛ. በመዝገብዎ ላይ ግን ልጄ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ኢሜይል ከፍቶ አያውቅም። ለዚህ ትጋትዎ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ጎረቤቴ እንዳስረዳኝ፣ ድርጅትዎ በእያንዳንዱ ኢሜይል ውስጥ በዓይን የማትታይ፣ ከመርፌ ጫፍ የምታንስ ሥዕል ይደብቃል፤ ተቀባዩ ሲከፍት ሥዕሏ ትመጣና ተከፍቷል ብላ ታሳብቃለች። ሥዕል እንዳይመጣ አድርጎ ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው መቶ ጊዜ ቢያነብ እናንተ ዘንድ እንዳላነበበ ነው። አሳንሰር በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚደክም፣ ልጄ ስልኩን ሥዕል እንዳያመጣ አድርጎ ይዘጋው እንደነበር ያስታወስኩት ይህን ስሰማ ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን ሊያውቁ አይችሉም፣ ምክንያቱም ስለ ተመዝጋቢዎቼ ሁሉን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

፮ኛ. ይህኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ከማጽዳቱ በፊት፣ በእኔ ስም፣ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሳቅሁበትን ፎቶዬን ከላይ አድርገው፣ ለልጄ የሚከተለውን ጽፈውለታል። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ። «ከእኔ መስማት እንደማይፈልጉ ተረድቻለሁ። አብረን እንድንቆይ ከፈለጉ በሰባት ቀን ውስጥ ከታች ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። አለበለዚያ እዚህ ላይ እንሰናበታለን። መልካም ጉዞ።» ሰባቱ ቀን አለፈ። ልጄ ቁልፉን አልጫነም። እኔም ይህን በኋላ በሰማሁ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ እንግዲህ አልፈለገኝም፣ እውነቱን ነው፣ ብዬ ተቀበልኩት። ከዚያ ጎረቤቴ ያንኑ ኢሜይል ከብሎጌ ከተላኩት መካከል አውጥቶ ወደ ራሱ ስልክ ልኮ፣ ሥዕሎቹን ዘግቶ ከፈተው። ፎቶዬ የለም። ቁልፉም የለም። ቁልፍ ያሉት ራሱ ሥዕል ነበር፤ ቦታው ባዶ ነጭ ነው። ጽሑፉ ብቻ፣ ያ እንሰናበታለን የሚለው ብቻ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጎረቤቴ ሁልጊዜ የሚያሾፍ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጄ ያን ነጭ ቦታ ምን ያህል ጊዜ እንዳፈላለገ፣ የሚጫነውን አጥቶ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ማወቅ የምፈልገው በዓለም ላይ ይህን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠት አቆማለሁ፤ ቁጥር ለሚደመር ነገር ነው።

ዝርዝሩ በጸዳ በሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። እኔ መጽዳቱ መፈጸሙን ገና ያልሰማሁ፣ ስድስት ዓመት ያልደፈርኩትን ደፍሬ የይቅርታ ጽሑፌን የላክሁት በዚያ ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ወር ወደ ማሠልጠኛው ሄጄ ነበር። የባለቤቴን መኪና በመስኮት አጠገብ አገኘኋት፤ አንዲት ልጅ እግር ልጃገረድ ጎንበስ ብላ የሽርጥ ጠርዝ እየዘመዘመችባት ነው። መኪናዋ ዘይት ጠጥታለች፣ ቀበቶዋ አዲስ ነው፣ ድምፅዋም ያው የድሮው ድምፅ ነው። እኔ ዘንድ ብትቀር ጨርቅ ሸፍኜባት ሳለቅስባት ትዝግ ነበር። ይህን ሁሉ ጻፍኩት። እሱ ልክ እንደነበረ፣ እኔ እንደበደልኩት፣ አባቱ ቢኖር እኔን እንጂ እሱን እንደማይቆጣ ጻፍኩ። ናልኝ ብዬም ጻፍኩ።

ጽሑፉ ለሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ደረሰ። ለአንዱ አልደረሰም። ሰማንያ ስምንት ሰዎች የልብ ምልክት ላኩልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንድ ሰውዬ የቁልፍ ምስጢሩ መጽሐፍ አልከፈት እንዳለው ጠቅሶ እንደገና እንድልክለት ጠየቀኝ። አማካሪዎ ደግሞ በደስታ ስክር ብላ ደወለች። ብሎጉ ከተከፈተ ወዲህ ይህን ያህል የተከፈተ ኢሜይል እንደሌለ፣ ሰው ከልብ የመጣ ነገር እንደሚወድ፣ ስለዚህ በየወሩ እንዲህ ያለ አንድ ይቅርታ ብጽፍ ተመዝጋቢው አምስት ሺህ እንደሚገባ መከረችኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ። የሚጠየቅ ይቅርታ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው።

ልጄ ከዝርዝሩ መውጣቱን የነገረችኝ በዚያው ጥሪ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ መጽዳቱም ለዚህ ስኬት እንደረዳ ስታስረዳኝ፣ ሠላሳ ስምንተኛውስ ብዬ ስጠይቃት። አድራሻውን መልሱልኝ አልኩ። የግል መረጃን ለመጠበቅ ሲባል የወጣ አድራሻ ለዘለዓለም እንደሚደመሰስ፣ ይህም የተመዝጋቢውን መብት ለማክበር እንደሆነ ገለጸችልኝ። ልጄን ከእናቱ ስለጠበቁልኝም እንግዲህ አመሰግናለሁ። ከአድራሻው ላይ ስሙን አልረሳሁትም፣ የጠፋብኝ በስተኋላው የነበሩት ቁጥሮች ናቸው። ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን የልደቱን ቀን ሞከርን፣ አባቱ የሞተበትን ሞከርን፣ የቤታችንን ቁጥር ሞከርን። ሁሉም እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም እየተባሉ ተመለሱ። ጎረቤቴ አሁንም በየቀኑ ሻዩን ይዞ መጥቶ ሦስት አራት ቁጥር ይሞክራል። እስካሁን የሞከርናቸውን በጠመኔ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጽፈናቸዋል፣ ጨርቅ የምቆርጥበት ቦታ እየጠበበ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንዲት ናት። በዚያ ስፋቱ በማይታወቅ ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ የሚደመሰስ ነገር ከመደመሰሱ በፊት የሚቆይበት አንድ ጥግ፣ አንድ ቅርጫት፣ አንድ የተረሳ መሳቢያ ቢኖር፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያይልኝ ይዘዙልኝ። አድራሻውን ለእኔ መስጠት ሕግ የሚከለክል ከሆነ አልፈልገውም፤ እናንተው ላኩለት። ሰባት ቀን የሚለውን የጻፈችው እናትህ አይደለችም፣ በሉት። አንድ መስመር ነው። ይህን ካደረጉልኝ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባቱን እንዳሉ ይውሰዷቸው፣ ፊርማዬን አኖራለሁ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚሉት እንደማይሆንብኝ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለማይሰለቸው አውቶማቲክ መልስዎ ደግሜ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜ ይስጥዎ። ልጆች ካሉዎትም እርስዎን ከዝርዝራቸው አያጽዱዎት።

ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ ብዙ ሰው ያላት፣ በቤቷ ግን ብቻዋን የምትሰፋ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው፣ ለካ ፍርድ አጓድዬብዎታለሁ። እርስዎ ለልጄ ሰባት ቀን ሰጥተውታል። እኔ በሩ ላይ አንዲት ደቂቃ አልሰጠሁትም። ስለዚህ ከሁለታችን እርስዎ ይሻላሉ፤ ለሁለታችንም ከዚህ የከፋ ስድብ አላውቅም። የቀረው ለእርስዎ አይደለምና እዚህ ላይ ማንበብ ሊያቆሙ ይችላሉ። ማግኔት፣ ልጄ፣ የሰባት ቀኑ ደብዳቤ የእኔ አይደለም። በሩ ላይ የተናገርኩት ግን የእኔ ነበር። ይቅር በለኝ።